ልጅ ማወፈር ልጅ ማሳደግ አይደለም

 

ከተማችን ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የሰሜንን ተራሮች በእግሩ ሊወጣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ የሚነሣው ከእርሷ ነው። የእኛ የከተሜዎቹ ልጅ ግን ትምህርት ቤት በባጃጅ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሱቅ ውስጥ ብስኩትና ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል፤ ማታ በአባቱ ስልክ ላይ ያፈጣል። ጉንጩ ሲሞላ «ማሻአላህ፣ ደልቶታል» እንላለን። እውን ደልቶታልን?

«በእኛ አገር ረኀብ እንጂ ውፍረት የት አለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ቀጭጨው ተገኝተዋል፤ በአገሪቱ ከመጠን በላይ የወፈሩት ግን ከ100 አንድ ገደማ ነበሩ። ነገር ግን የጎረቤት ልጅ መራብ የእኛን ልጅ ውፍረት ጤና አያደርገውም። በልጅነት የጀመረ ውፍረት ብዙውን ጊዜ አብሮ ያድጋል፤ የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ይጋብዛል።

አንድ ደረሳ ነበረኝ። ዳገቱን ወጥቶ መድረሳ ሲደርስ ያለከልካል። ልጆቹ ሳቁበት፤ እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ ፈገግ አልኩ። አባቱ ደግሞ «ይክሳ» ብሎ ቁርስ ከለከለው። ልጁ ቂርኣቱን ተወ።

ሁለታችንም አጠፋን። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አይራብም፣ አይሰደብም፤ ይንቀሳቀሳል! ሩጫ፣ ኳስ፣ ገመድ ዝላይ ልቡንና የደም ሥሩን ያበረታሉ፤ ሰውነቱ ስኳርን በአግባቡ እንዲጠቀም ይረዳሉ። ይህ ጥቅም ሚዛኑ ንቅንቅ ባይል እንኳ ይገኛል። ስለዚህ «ሮጦም አልከሳ» ብላችሁ አታስቁሙት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው። ያልለመደ ልጅ በጥቂቱ ይጀምር፤ ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ይየው።

ሴቶች ልጆችንስ ለምን እናስቀምጣቸዋለን? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር ሩጫ መሽቀዳደማቸውን እያስተማርን! እኛ ኡስታዞችም እንጠየቃለን። ልጁ ጧት ትምህርት ቤት ተቀምጦ ይውላል፤ ከዐስር በኋላ እኛ ዘንድ እንደገና ይቀመጣል። በመካከሉ ግማሽ ሰዓት ለኳስ ብንለቀው ቁርኣኑ ይጠፋበታልን?

ወላጆች ሆይ! ልጅ አማና ነው። ነገ ባጃጁን ተዉትና እጁን ይዛችሁ በእግር አድርሱት። አላህ ልጆቻችንን በዲናቸውም በአካላቸውም ብርቱ ያድርግልን። አሚን።