ጀግናስ ነበር፤ ሸላሚ ጠፋ እንጂ!

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁሮች የአሜሪካን የጦር ልብስ ለብሰዋል። ታዲያ ከ400 በላይ የክብር ሜዳልያ ሲታደል ለጥቁር ስንት ደረሰው? አንድም!

ጀግና ስላልነበረ ነው እንዳይባል፣ ለጥቁሮች ብቻ በተለየ ክፍለ ጦር የዘመተው መኮንን ቬርነን ቤከር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ጣሊያን ውስጥ የጀርመኖችን የመትረየስ ምሽጎች ደምስሷል። ጥይቱ ቀለም አልመረጠም፤ ሸላሚው ግን መረጠ።

ሰባት ጥቁሮች የተሸለሙት በ1997 ነው። ከ52 ዓመት በኋላ! አራቱ ያኔውኑ ጦር ሜዳ ወድቀዋል። ሁለቱ ከጥይት ተርፈው ሳይሸለሙ ሞቱ። በሕይወት የተገኘው ቤከር ብቻ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው። መንግሥት የጀግናን ውለታ በቁሙ ይክፈል! መቃብር ሜዳልያ አያጠልቅም።