ድንኳን ከመትከላችን በፊት ብስክሌት እንንዳ



በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሚጎድል ነገር የለም። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፤ የዕድሩ ገንዘብ ያዥም ለሟች ቤተሰብ የሚገባውን ቆጥሮ ያስረክባል። ይህ የሚያኮራ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ያው ሰው በካንሰር ታሞ ወራት ሙሉ ጥቁር አንበሳ ሲመላለስ የታክሲውን፣ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ወጪ የሚችለው ብቻውን ነው። ለሕክምና ሲል ወርቁን የሸጠ፣ መደቡን ለሌላ ያስተላለፈ ሰው በየመንደራችን አለ። አብዛኛው ዕድራችን የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ለመቅበር የሚሰበሰብ ሕዝብ ለማዳን መሰብሰብ ያቅተዋል እንዴ?

በመሆኑም ለካንሰር ሕክምናና ምርምር የሚውል ገንዘብ የሚሰበሰብበት የሦስት ቀን የብስክሌት ጉዞ ከሰፈራችን ተነሥቶ እንዲደረግ ሐሳብ እናቀርባለን። «ሳይክልና ካንሰርን ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደሚኖር አይጠፋንም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ብስክሌት የሚነዳው ሰው አስቀድሞ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባው «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ አንተስ ስንት ትሰጣለህ?» ብሎ ቃል ያስገባል። ጉዞው ብዙ ቀን የሚሆነውም ለዚሁ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ተንሸራሽሮ ለሚመለስ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ጥቂት ነው፤ ሦስት ቀን ላቡን ላፈሰ የሰፈር ልጅ ግን እምቢ ማለት ይከብዳል።

ይህ በሌላ አገር የተፈተነ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እናቱን በቆዳ ካንሰር ያጣው ቢሊ ስታር እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. «ፓን ማስ ቻሌንጅ» የተባለውን የሁለት ቀን ጉዞ ሲጀምር ብስክሌተኞቹ 36 ብቻ ነበሩ፤ ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ያስገኙትም 10,200 ዶላር ነበር። ጉዞው ቀጥሎ እስከ 2024 ድረስ የተሰበሰበው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በዚያው በ1980 ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በካንሰር ምክንያት አንድ እግሩ ተቆርጦ ሳለ በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጧል። በሽታው ሳንባው ደርሶ አስቆመው፤ በዓመቱም በ22 ዓመቱ ዐረፈ። በስሙ የሚደረገው ሩጫ አዲስ አበባም ድረስ መጥቷል።

የእኛም አገር ባዶ አይደለችም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች ነው፤ ዛሬ ከየክልሉ ለሕክምና መጥተው ማደሪያ ያጡ ሕሙማንን ያስጠልላል። ወላጆች ኀዘናቸውን ወደዚህ ከለወጡት እኛ ፔዳል መርገጥ አይከብደንም።

«ምርምር» ሲባል ደግሞ የፈረንጅ ቤተ ሙከራ ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ምርምር ከመቁጠር ይጀምራል። በጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆኑ የካንሰር ሕሙማን እየተመዘገቡ ነው፤ በሴቶች ላይ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ግንባር ቀደም መሆናቸው በግምት ሳይሆን በቁጥር የታወቀው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ቁጥሩ ከሌለ መሣሪያው የት ይተከል፣ ባለሙያ ስንት ይሠልጥን የሚለው ሁሉ በጨለማ መዳሰስ ይሆናል። የጨረር ሕክምናን እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ተጀምሮ ለሃያ ዓመት ከዚያ በላይ ለአገሩ ሁሉ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ወረፋው ምን ይመስል እንደነበር ያስታመመ ያውቀዋል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከደጃችን ተነሥቶ በኮተቤ፣ በሰንዳፋ አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚገባው 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን የከባድ መኪናው ነገር ያሳስባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንመክረውም። ይልቅ ሦስቱንም ቀን ከተማ ውስጥ፣ ገና በማለዳ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ከመገናኛ በእኛው በር አልፎ አራት ኪሎ በሚደርሰው መንገድ መመላለስ ይቻላል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ወጥቶለታል። በሁለተኛው ቀን ኮተቤና አያት ደርሶ መመለስ፣ በሦስተኛው ቀን እንጦጦ። እንጦጦ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሆኖም እናቶቻችን ያንን ዳገት ወጥተው ጀርባቸው ላይ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱት ኖረዋል፤ ጎረምሳው ባዶ ሳይክል ይዞ ሽቅብ ቢወጣው ምን ይደንቃል? እነገረመው ደምቦባ እኮ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለአገራችን የተሰለፉት በብስክሌት ነው።

የማይነዳም ሥራ አለው። በየማረፊያው ውኃና ቆሎ የሚያቀርብ፣ ቃል የገባውን የሚሰበስብ ያስፈልጋል። ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ተጋብዞ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች የማኅፀን በር ምርመራ እንዲያደርጉ ቢያስረዳ ደግሞ ከገንዘቡ የማያንስ ጥቅም ይገኛል፤ ብዙው ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከገፋ በኋላ ነውና።

አሁን ዋናው ነገር፣ ገንዘቡ። በሰፈር መዋጮ ስንት ወሬ እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ሠላሳ ሰው ቢነዳ፣ እያንዳንዱም ከአርባ ሰው መቶ መቶ ብር ቢያመጣ 120,000 ብር ነው፤ ይህ በእምነት ብቻ የሚያዝ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ያለ ካርኒ አንድ ብር አይሰብሰብ፤ ገንዘቡ በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ የዕድር ዳኛ፣ አንዷ ሴት ይሁኑ። ለምሳ፣ ለቲሸርት ተብሎ ከውስጡ ምንም አይነካ። የማን ስንት እንደገባ፣ ለየትኛው ተቋም እንደተሰጠ፣ ከተቀባዩ ደረሰኝ ጋር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ፈቃድ ከሚመለከተው ክፍልና ከትራፊክ ፖሊስ ሳይገኝ ቀን አይቆረጥም። እስከዚያው መንዳት የምትፈልጉ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ተመዝገቡ፤ ሳይክል ኖሮት የማይነዳበትም ቢያውሰን እንቀበላለን። ፍሬኑ ግን አስቀድሞ ይታይ፤ ከእንጦጦ መውረድም አለና።