የመሣሪያው ዝምታ የመሬቱ ዝምታ ነውን?

ለመንገድ ጠጠር ወይም ለሕንፃ ድንጋይ ሲባል አለት በፈንጂ በሚፈለጥበት አካባቢ አንድ ክርክር አይጠፋም። ነዋሪው «ቤቴ ተንቀጠቀጠ፤ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ» ይላል። የሥራ ተቋራጩ ደግሞ የንዝረት መመዝገቢያ ተተክሎ እንደነበረና አንዳችም ነገር እንዳልመዘገበ የሚገልጽ ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ የሳይንስ ማኅተም ያረፈበት ስለሚመስል ክርክሩ በዚያው ይዘጋል። እኛ የምንለው ግን ሁለቱም ወገኖች እውነቱን ተናግረው ሊሆን ይችላል ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሞሉለት ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ያልተገለጹበት የንዝረት ሪፖርት እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም።

ጉዳዩ ለዲላና ለአካባቢዋ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማይቱን አቋርጦ ያልፋል፤ መንገድም ሆነ ሕንፃ ድንጋይ ይሻል። በሌላ በኩል በጌዴኦ ኮረብታዎች ላይ፣ እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ባሉ ሥፍራዎች፣ ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። በሳካሮ ሶዶ ላይ ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት፣ ቀደምቶቹ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተተከሉ አመልክቷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይለሰናል፤ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የቆመ ድንጋይ ከተሰበረ ግን ምትክ የለውም።

ምን ሲሆን ይመዘግባል?

የመሣሪያው ልብ ጂኦፎን ይባላል። ይህም በማግኔት መካከል በሞላ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል ነው። መሬት ሲርገበገብ ማግኔቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ጥቅሉ ግን ባለበት ለመቆየት ይሞክራል። በዚህ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ከእንቅስቃሴው ፍጥነት ጋር ስለሚመጣጠን ንዝረቱ የሚገለጸው በሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው።

ርዕደ መሬትን የሚከታተሉ ጣቢያዎች ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ይመዘግባሉ። የፈንጂ ንዝረት መመዝገቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘወትር ያዳምጣል እንጂ ዘወትር አይጽፍም፤ መጻፍ የሚጀምረው ንዝረቱ ከተወሰነ የመነሻ ልክ ሲያልፍ ነው። ይህን ልክ የሚወስነው ሰው ነው። የዓለም አቀፉ የፈንጂ መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ ለጅምር የሚጠቁመው 1.3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ያህል ነው። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን 0.3 ገደማ የሆነ ንዝረት ሊሰማው ይችላል። እንግዲህ ከ0.3 እስከ 1.3 ባለው ክልል ውስጥ ሰው ከእንቅልፉ ብድግ ይላል፤ መሣሪያው ግን አንዳች አይጽፍም። ነዋሪው ውሸታም የሚባለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የባሰም አለ። ዲን 4150 የተባለው የጀርመን ደረጃ፣ ከ10 ኸርዝ በታች ለሆነ ንዝረት፣ በመሠረት ላይ ለመኖሪያ ቤት 5፣ ለቅርስ ሕንፃ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ያስቀምጣል። ደረጃው ለትክል ድንጋይ ተብሎ የወጣ ባይሆንም ለንጽጽር ይረዳል። የመነሻ ልኩ 5 ላይ ቢሞላ ከ3 በላይ ሆኖ 5 ያልደረሰ ንዝረት ሁሉ ያለ ምስክር ያልፋል። ሪፖርቱም «ምንም አልተመዘገበም» ይላል፤ ቃሉ እውነት ነው፤ መልእክቱ ግን ሐሰት ነው።

ጫፉን መያዝ

ሁለተኛው ቁጥር መሣሪያው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ይወስናል። የሞገድን ድግግሞሽ ለመለየት በአንድ ዑደት ከሁለት በላይ ልኬት እንደሚበቃ በክፍል ውስጥ እንማራለን። የሞገዱን ጫፍ ለመያዝ ግን ይህ አይበቃም። 100 ኸርዝ የሆነ ንዝረት በሰከንድ 400 ጊዜ ቢለካ በዑደት የሚገኘው ልኬት አራት ብቻ ነው። ጫፉ በሁለት ልኬቶች መካከል ከወደቀ ከከፍታው እስከ 29 በመቶ ይሰወራል። 11 የነበረው 7.8 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ድግግሞሽ ከላይ የጠቀስነው ደረጃ ለቅርስ ያስቀመጠው ወሰን 10 ነው፤ ወሰን ያለፈው ንዝረት ወሰን ጠባቂ ሆኖ ተመዘገበ። በሰከንድ 1000 ጊዜ ሲለካ ግን ጉድለቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም።

ሦስተኛው የምዝገባው ርዝመት ነው። ንዝረት በአለት ውስጥ በሰከንድ ሺህ ሜትሮችን ይጓዛል፤ በአየር የሚመጣው የፍንዳታ ግፊት ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። ከፈንጂው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቤት ዘንድ ግፊቱ የሚደርሰው ከ3 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ምዝገባው በ2 ሰከንድ ከተዘጋ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ያንቀጫቀጨው ግፊት በመዝገቡ ውስጥ አይገኝም።

የመነሻ ልኩ እጅግ ዝቅ ካለ የጭነት መኪናና የእግር ኮቴ ሁሉ እየተመዘገበ መሣሪያውን ያጨናንቃል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ልኩን በግምት ከፍ ማድረግ አይደለም፤ ፈንጂ በሌለበት ቀን የሥፍራውን የዘወትር ንዝረት ለክቶ፣ ልኩን ከዚያ ጥቂት ከፍ፣ ከተከለከለው ወሰን ደግሞ በብዙ ዝቅ አድርጎ መወሰን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲለመዱ እንሻለን። አንደኛ፣ የመነሻ ልኩ፣ የልኬቱ ብዛት፣ የምዝገባው ርዝመትና መሣሪያው የተተከለበት ሥፍራ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ ፈንጂው ከመፈንዳቱ በፊት ነዋሪዎችና የቅርስ ጠባቂዎች ባሉበት ይወሰኑ። በጌዴኦ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳይ የሚያዩበት ሶንጎ እያለ ለዚህ ሌላ መድረክ ፍለጋ መድከም አያሻም። ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ልኬት የማቅረብ ኃላፊነት ይውሰዱ።

ተማሪዎች ሆይ! «መሣሪያው ምንም አላየም» የሚል ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ «ምን እንዲያይ ታዝዞ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጠየቅ ፈንጂ አፈንጂ መሆን አያስፈልግም፤ ከላይ ያሰፈርነውን ስሌት ለመሥራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትሪጎኖሜትሪ ይበቃል።