የአይሮፕላን ኤሌክትሪክና ልክ ጠባቂው

የውሃ ወፍጮ ያለው ሰው፥ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ድንጋዩ ያለ መጠን እንዳይሽከረከር የቦዩን ውሃ እንደሚቀንስ ታውቃላችሁ። አይሮፕላንም በመጀመሪያ ዘመኑ ይህን የመሰለ ችግር ነበረበት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. በተደረገው ታላቅ ጦርነት፥ ከሰማይ ሆኖ የሚመለከተው ሰው ጥይቱ የወደቀበትን ስፍራ ለመድፈኞች በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ይነግር ነበር። በብዙ አይሮፕላን ላይ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ከውጭ የተሰቀለ ትንሽ ዲናሞ ሲሆን፥ የሚያዞረውም በፊቱ ያለ የነፋስ ክንፍ ነበር። ነገር ግን አይሮፕላኑ ቁልቁል ሲወርድ ነፋሱ ይበረታል፤ ዲናሞውም ይፈጥናል፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት ከልክ አልፎ የመሣሪያውን አምፑል ያቃጥላል። አዝግሞ ሲበር ደግሞ ኃይሉ ይደክማል፤ መልእክቱም ይጠፋል። ያን ጊዜ መድፈኞቹ እንደ ዕውር ይተኩሳሉ።

ስለዚህ መሐንዲሶች ሁለት ዘዴ አበጁ። አንደኛው፥ ነፋሱ ሲበረታ ራሱን አዘንብሎ ነፋሱን የሚያሳልፍ ክንፍ ነው። ሁለተኛው፥ በማግኔት የሚሳብ ትንሽ የብረት ምላስ ነው፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ተስቦ የዲናሞውን የማግኔት ኃይል ይቀንሳል፥ ዝቅ ሲል ይመልሳል፤ እንዲህም እያለ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይርገበገባል። ሌላም ምላስ ዲናሞው በደከመ ጊዜ የባትሪው ኃይል ወደ ኋላ እንዳይፈስ መንገዱን ይቈርጣል። በኋላ ዲናሞው ከሞቶሩ ጋር ተያያዘ፤ የሞቶሩም ፍጥነት የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ልክ ጠባቂው አልቀረም።

እንግዲህ ልጆቻችን ስለ አይሮፕላን በጠየቁን ጊዜ፥ ከሞቶሩ ብርታት ጋር የዚህን ትንሽ ምላስ ሥራ ጨምረን እንንገራቸው፤ ብርታት የሚጠቅመው ልክ ሲኖረው ነውና።