አርማው ሦስት፣ መኪናው አንድ፦ የስዊዘርላንድ ገዥ ሊነገረው የሚገባ እውነት

ፍሬ ሐሳብ

የመኪና ኩባንያዎች አንድን ሞዴል በተለያየ አርማና በተለያየ ዋጋ መሸጣቸው በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ገዥው ይህን ሳያውቅ ውል መፈረሙ ነው። የስዊዘርላንድ መንግሥት በሞዴሎች መካከል ያለው ዝምድና በመሸጫ አዳራሽ በጽሑፍ እንዲገለጽ በሕግ ማስገደድ ይኖርበታል።

ሦስት መድረክ፣ አንድ ፋብሪካ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የመኪናን ስም የሚያወጣው ግን የሽያጭ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ቶዮታ አይጎን፣ ሲትሮኤን ሲ 1ን፣ ፔዦም 107ን በየመድረካቸው አዲስ ብለው አቀረቡ። ሦስቱም የሚገጣጠሙት ቶዮታና የፈረንሳዩ የፔዦ ሲትሮኤን ቡድን በቼክ ሪፐብሊክ ኮሊን ከተማ በጋራ ባቋቋሙት አንድ ፋብሪካ ነበር። ሻሲያቸው አንድ ነው፤ የቤንዚን ሞተራቸውም አንድ ነው። በዋናነት የሚለያዩት በፊት ገጽታ፣ በመብራትና በአርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሦስቱ ተተኪዎች በዚያው ትርዒት፣ በዚያው አኳኋን ቀረቡ። ሆላንድ ካር ኢትዮጵያ ውስጥ ገጣጥሞ «አባይ» ያለው መኪና በቻይና ሊፋን 520 ይባል እንደነበር የሚያስታውስ አንባቢ አሠራሩ አዲስ አይሆንበትም።

ጉዳዩ የደኅንነት ነው

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ቶዮታ የነዳጅ መስጫ ፔዳላቸው ተጭኖ ሊቀር የሚችል መኪኖችን ለጥገና ሲጠራ፣ ፔዦ ሲትሮኤንም በኮሊን የተሠሩ ወደ 100,000 የሚጠጉ 107 እና ሲ 1 መኪኖችን ለመጥራት ተገደደ። ጉዳዩ በዓለም የታወቀው ግን በቶዮታ ስም ነበር። ፔዦ የሚነዳ ሰው፣ በተለይም መኪናውን ከሁለተኛ እጅ የገዛ፣ የጥሪው ደብዳቤ እስኪደርሰው ድረስ ዜናው እርሱን እንደሚመለከት በምን ያውቃል? የሁለቱ የፈረንሳይ አርማዎች የሻንሲ ቁጥር እንኳ የሚጀምረው በፈረንሳይ መለያ ፊደላት ነበር።

የኪስም ጉዳይ አለ። አርማ ብቻውን ምን ያህል ዋጋ እንደሚጨምር ለማየት በቶዮታ አይ ኪው ላይ ተመሥርቶ ከእጥፍ በላይ የተሸጠውን አስተን ማርቲን ሲግኔትን ማስታወስ ይበቃል። የመኪናውን እኅትማማች ሞዴሎች የሚያውቅ ባለቤት መለዋወጫ ሲፈልግ የሦስት ሻጮችን ዋጋ ያመዛዝናል፤ የማያውቀው አንዱ የጠየቀውን ይከፍላል።

ለሰዓት ሕግ፣ ለመኪና ዝምታ

ስዊዘርላንድ የምርት ምንጭን ማስነገር አይቸግራትም። የጄኔቫ ካንቶን የከተማዋን ስም በሰዓት ላይ ከሚነግዱ ለመከላከል የጥራት ማኅተም በሕግ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በዙሪክ ባንሆፍሽትራሰ መስኮት የተደረደረ ሰዓት «የስዊዘርላንድ ሥራ» ለመባል ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው በአገሪቱ የወጣ መሆን አለበት። በሚሸጠው ላይ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አገር በሚገዛው ላይ ዝም ማለቱ ምን ምክንያት አለው? ስዊዘርላንድ የምትከላከልለት ትልቅ የቤት አውቶሞቢል አምራች የላትም፤ ከዝምታው የሚያተርፈው የውጭ አምራችና አስመጪው ነው።

ተቃውሞዎቹ ሲመዘኑ

«መረጃው በመኪና መጽሔቶች ላይ አለ» ይባላል። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ገና ለሚለማመድ ስደተኛ ሠራተኛ ይህ መልስ አይሆንም፤ የመግለጽ ግዴታ የሚያውቀው ሻጭ እንጂ መርምሮ የመድረስ ግዴታ የገዥው አይደለም። «ወጪ ያስከትላል» የሚለውም አይጸናም፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለአዲስ መኪና የኃይል ፍጆታ መለያ ወረቀት ግዴታ ነው። የሚጠየቀው በዚያው ወረቀት ላይ ጥቂት መስመሮችን መጨመር ነው። «አገሪቱ ትንሽ ናት» ለሚሉም፣ እ.ኤ.አ. የ1958ቱን የተሽከርካሪ ደንቦች ስምምነት የሚያስተዳድረው የተባበሩት መንግሥታት መድረክ የሚሰበሰበው በጄኔቫ ነው፤ ስዊዘርላንድም የስምምነቱ አባል ናት።

ምክረ ሐሳብ

1. የፌዴራል ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በመለያ ወረቀቱ ላይ የመገጣጠሚያ ፋብሪካው፣ የመነሻ ሞዴሉና እኅትማማች ሞዴሎቹ እንዲጻፉ ያስገድድ።
2. የፌዴራል መንገዶች መሥሪያ ቤት ማንኛውም የጥገና ጥሪ ጉድለቱ የሚነካቸውን አርማዎች ሁሉ በአንድ ማስታወቂያ እንዲዘረዝር ያድርግ።
3. አስመጪዎች በተለያየ አርማ የሚሸጡትን አንድ ዓይነት መለዋወጫ በጋራ መለያ ቁጥር እንዲያሳውቁ በደንብ ይታዘዙ።

የጄኔቫው ትርዒት ከ2024 በኋላ በከተማዋ ተቋርጧል፤ የዙሪኩ ግን በየዓመቱ በኅዳር ገደማ ይከፈታል። አንድ መኪና በብዙ ስም መሸጡም አይቆምም። መንግሥት ለሰዓት ገዥ የሰጠውን እውነት ለመኪና ገዥም ይስጥ።