የወጣት ወታደር ፈቃደኝነት ከምን ይመጣል?



የዛሬ ወጣት ለአገሩ መዋጋት አይወድም የሚል ወቀሳ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። እኔ ግን በማስተምራቸው ልጆች ዘንድ ያየሁት የወኔ ማነስ ሳይሆን «ብንቆስል ማን ያስበናል?» የሚል ጥያቄ ነው።

የቃኘውን ሻለቃ ታሪክ እንመልከት። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡት ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመቱ፤ ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስም ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ይህ የጀግንነት ሥራ ብቻ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ወታደር ቢቆስል ቀርቶ ቢሞት እንኳ ጓደኛው ጥሎት እንደማይሄድ ያውቅ ነበር።

ነገር ግን መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ከተለወጠ በኋላ ከእነዚሁ ዘማቾች ብዙዎቹ ውለታቸው ተረስቶ በችግር ኖሩ። በጦር ሜዳ ያልተጣለው ሰው በአገሩ ተጣለ።

ስለዚህ ምልምሉ ክብርን የሚማረው በማሠልጠኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። የቆሰለ ጎረቤቱ የጡረታ ወረቀቱን ይዞ በመስኮታችን ሲቆም እንዴት እንደምንቀበለው ያያል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ያለ ምክንያት «ነገ ተመለስ» ባልን ቁጥር የአንድ ወጣት ፈቃድ እንደሚቀዘቅዝ ልናውቅ ይገባል።

አክባሪዎ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር