ሳጥን ወይስ ስልቻ?

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የተዘረጋው የአህጉራችን ታላቅ ጎዳና በሞያሌ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በኦዳም ሆነ በመሐል ከተማ የሚኖር ሰው በሞተር ብስክሌት አገር የሚያቋርጥ መንገደኛ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ሳጥኖች አስሮ ይመጣል። ሻይ ቤት ደጃፍ ሲያቆም ወጣቱ ከብቦ የሚያደንቀው ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ ሳጥኖቹንም ጭምር ነው። ከዚህም የተነሣ «ረጅም መንገድ ያለ ሳጥን አይሆንም» የሚል እምነት በመካከላችን ሥር እየሰደደ ነው። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ለመንገዳችን፣ ለሞተራችንና ለኪሳችን የሚስማማው ከጠንካራ ሸራ ወይም ከቆዳ ተሰፍቶ በሁለት ጎን የሚንጠለጠል ከረጢት ነው፤ አባቶቻችን ስልቻ ይሉት የነበረው ዓይነት።

ለመሆኑ የሳጥን ፍቅር ከወዴት መጣብን? አንደኛው ምንጭ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ተነሥተው ኢትዮጵያንና ኬንያን አቋርጠው ኬፕታውን ገቡ። ጉዟቸው በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ሳጥን የተሸከመ ግዙፍ ሞተር የጀብዱ ምልክት ሆነ። ተመልካቹ የዘነጋው ግን ዕቃና ባለሙያ የጫኑ መኪናዎች አብረዋቸው ይጓዙ እንደነበር ነው። የሚነዱት ቢ ኤም ደብልዩም ገና ሳይጫን ከ250 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በከተማችን እየተሯሯጠ እንጀራ የሚያበላው ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር 120 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት የብረት ሳጥን ከነማሰሪያው ባዶውን ከ15 ኪሎ ያላነሰ ሊመዝን ይችላል። እንግዲህ ቦክሰሩ አንዲት ሸሚዝ ሳይጫንበት የክብደቱን አንድ ስምንተኛ ተሸከመ ማለት ነው። ይህ ለዝሆን የተሠራን ኮርቻ በአህያ ላይ እንደ መጫን አይሆንምን?

ከክብደቱ የከፋው ግን በእግር ላይ የሚያመጣው አደጋ ነው። በአሸዋ ወይም በልቅ ጠጠር ላይ የሚነዳ ሰው ሞተሩ ሲንሸራተት እግሩን መሬት ማስነካቱ አይቀርም። ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ የተተከለው እግር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከበስተኋላው የሚመጣው የሳጥን ጠርዝም ባቱን ይመታዋል። ሞተሩ ከወደቀ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል። የሸራ ከረጢት በዚህ ጊዜ ይታጠፋል፤ እግሩም መውጫ ያገኛል። በዲዳ ገልገሉ በረሃ እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው ሐኪም ፊት እስኪቀርብ ድረስ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ዕቃ መያዣ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ስወድቅ ምን ያደርገኛል?» ብሎ ነው። «ቆሜ ስታይ ያምራል?» የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥገና ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ ንዝረቱ ያለማቋረጥ የሚደበድበው ሳጥኑ ከሞተሩ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ነው። አሉሚኒየም ሲሰነጠቅ ተራ የብረት ብየዳ አይበቃውም፤ የተለየ መሣሪያና የተለየ እጅ ይፈልጋል፤ ይህም በየመንደሩ አይገኝም። ሳጥኑ ከተጣመመም ክዳኑ አልገጥም ይላል፤ አቧራውም ዘው ብሎ ይገባል። ከረጢት የተቀደደ እንደሆነ ግን ማንኛውም ጫማ ሰፊ በወስፌና በክር በአንድ ሰዓት ይጠግነዋል። ጠፍሩ ቢበጠስ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይተካዋል። ለፍትሕ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን በሞተር የዞረችው እንግሊዛዊት ኤልስፔት ቢርድ የአሉሚኒየም ሳጥን ይዛ ነበር። ነገር ግን ሳጥኖቹን ሲድኒ ላይ በገዛ እጇ ነው የሠራቻቸው። የሠራውን ነገር መጠገን የሚችል ሰው የፈለገውን ይጫን፤ ክርክራችን በዋጋ ገዝቶ፣ ሲሰበር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከሚተክዘው ጋር ነው።

የሳጥን ወዳጆች መልስ እንዳላቸው እናውቃለን። «ያ የድሮ ወሬ ነው፤ ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆኗል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ከኢሲኦሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የጭነት መኪና ሳይቀር የሚሰባብር የድንጋይ ክምር መሆኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ አስፋልቱ ነፋሱን አላስቀረውም። በማርሳቢት ካውንቲ በሎይያንጋላኒ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው የኃይል ማመንጫ 365 ተርባይኖችን የሚያሽከረክረው በዚሁ በአውራጃችን ነፋስ ነው። በገላጣው ሜዳ ላይ ከጎን የሚመታ ነፋስ ሰፊና ጠፍጣፋ ሳጥን ሲያገኝ እንደ ሸራ ጀልባ ይገፋዋል። በአስፋልት ላይ ፍጥነት ስለሚጨምር ወደ ኋላና ወደ ላይ የተከመረ ጭነት መሪውን ያወዛውዛል። ደግሞስ ወደ ካላቻ ወይም ወደ ኖርዝ ሆር የሚታጠፍ ሰው አስፋልቱን ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳልን?

ቀጥሎ የሚነሣው የሌባ ነገር ነው። «ሳጥን ይቆለፋል፤ ከረጢት በቢላ ይቀደዳል» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የበረታው መከራከሪያቸው ስለሆነ በቅን ልብ ሊመለስ ይገባል። ቁልፉ እጁን ብልጭ የሚያደርገውን መንታፊ ያግደዋል፤ ጊዜ ያገኘውን ሌባ ግን አያግደውም። እንዲያውም ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ሳጥን «እዚህ ውስጥ ውድ ዕቃ አለ» ብሎ ይጣራል። ፓስፖርት፣ ገንዘብና የሞተሩ ወረቀት በሳጥንም በከረጢትም ሊቀመጡ አይገባም፤ ቦታቸው ከሰውነት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ ሲያልፍም ሰው የሚጠየቀው እነዚህኑ ነው። የቀረው ልብስና ማሰሮ ነው። ሞተሩንም ሲያድር አጥር ግቢ ባለው ማደሪያ አስገብቶ ለዘበኛው አደራ ማለት ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል፤ አደራ የሚከበርበት አገር ነውና።

ዝናብና የጭስ ማውጫ ግለትም ይጠቀሳሉ። ለዝናቡ በውስጥ ውኃ የማያስገባ ላስቲክ ማድረግ፣ ለግለቱ በከረጢቱና በጭስ ማውጫው መካከል ቁራጭ ላሜራ ማሰር ይበቃል። ይህን የማያደርግ ሰው ከረጢቱን እንደሚያቃጥል አስቀድሞ ይወቀው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይህን ዕውቀት ከውጭ መጥቶ የሚያስተምረን መጠበቃችን ነው። የሲራራ ነጋዴ ቡናውንና እህሉን በስልቻና በአቁማዳ፣ በበቅሎና በአህያ ሲያመላልስ ኖሯል። በዚሁ በአካባቢያችን የገብራ ሴቶች ቤታቸውን ነቅለው ቋሚውንና ምንጣፉን በግመል ጭነው ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ይሻገራሉ። ግመል የሚጭን ሰው ሁለቱን ጎን ያመዛዝናል፤ ቆዳው እንዳይላጥ ከሥር ያነጥፋል፤ ከመነሣቱም በፊት ማሰሪያውን ደጋግሞ ይፈትሻል። በሞተርም ሕጉ ይኸው ነው፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ታችና ወደ ነጂው ቀርቦ ይቀመጥ፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን፣ ግራና ቀኙ ይተካከል፣ የማያስፈልገው ቤት ይቅር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለመቀነት ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ የአገር ጎብኝ ቅንጦት ብቻ የሚመስለው ካለ የቦዳ ቦዳ ነጂዎቻችንን ይመልከት። ጆንያው ከኋለኛው ጎማ አልፎ ይከመራል፤ በላዩ ሁለት ጀሪካን ይታሰራል፤ የፊቱ ጎማ ከመሬት ሊነሣ ምንም አይቀረው፤ መሪውም አልታዘዝ ይላል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ብቻውን 20 ኪሎ ነው። እነዚህ ልጆች ሳጥን መግዛት አይችሉም፤ ቢችሉም አይጠቅማቸውም። የሚጠቅማቸው ዝቅ ብሎ በሁለት ጎን የሚንጠለጠል ጠንካራ የሸራ ከረጢት ነው፤ እሱን ደግሞ በገበያችን ድንኳንና ጆንያ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ስለዚህ ለሁለት ወገን እንናገራለን። ሸራ ሰፊዎች ሆይ፣ ለቦክሰሩ ልክ የሆነውን ከረጢት ሰፍታችሁ ገበያ አውጡት፤ መጀመሪያ የከተማው ነጂ፣ ቀጥሎም መንገደኛው ይገዛችኋል። ረጅም መንገድ የምታስቡ ወጣቶችም ለሳጥን የምታጠራቅሙትን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ፣ ለጠንካራ ጫማና ለራስ ቁር አውሉት። ዕቃችሁን በከረጢት ጭናችሁ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ፈትሻችሁ ውጡ። ቢጥላችሁም እግራችሁን ይዛችሁ ትነሣላችሁ።